ኢላላ ሳላ፦ ስለ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክን የቦታ ስሞችና ስሞቹን የሚያውቁ ሰዎችን ይመለከታል

እንደምን ሰነበታችሁ።

ከመተሐራ ወጥታችሁ ወደ አዋሽ ሰባት ኪሎ ስትነዱ በስተቀኝ የተዘረጋው ሜዳ ኢላላ ሳላ ይባላል። ካርታውም ላይ እንዲህ ነው የተጻፈው። በኦሮምኛ «ኢላሉ» ማየት ነው። ሳላ በሁለቱም ቋንቋ ያው ሳላ ነው፤ ያ ቀንዱ ረጅምና ቀጥ ያለ፣ ፊቱ በጥቁርና በነጭ የተቀባ የሚመስል እንስሳ። እኔ እንደሚገባኝ ስሙን ያወጡት ሰዎች ሜዳውን «ሳላ የሚታይበት» ብለውታል።

ባለፈው ጥር ልጆቼን ይዤ ሄጄ ነበር። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ረፋዱ አራት ሰዓት ዞርን። ከብት አየን። ግመል አየን። ከርከሮ ከነግልገሎቿ ጅራቷን አቁማ ስትሮጥ አየን፤ ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። ሳላ ያየነው ሦስት ነው። እነሱም ከሩቅ ቆመው፣ ለሽሽት ተዘጋጅተው ነበር።

ይህ አሳዝኖኛል። የበለጠ የከበደኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ከአዋሽ ፏፏቴ ወደ ላይ አንዲት ቀላ ያለች ኮረብታ አለች። መንገድ ሲያሳየን የነበረውን ወጣት «ይቺ ምን ትባላለች?» አልኩት። «ስም የላትም» አለኝ። ስም ነበራት። ልጅ ሆኜ ነግረውኛል። እኔም ረስቼዋለሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐሳቡ አልተወኝም። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁም ለዚህ ነው።

ያደግኩት መተሐራ ነው። አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር። ከጅቡቲ ለገሃር ይመላለስ በነበረው በአሮጌው ባቡር ማለቴ ነው። ቤታችን ወተት የሚያመጡልን አንዲት የከረዩ ኦሮሞ እናት ነበሩ። «አኮ» እንላቸው ነበር፤ አያቴ እንደማለት ነው። የወተታቸው ዕቃ በጭስ የታጠነ ስለነበር ሽታው ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ከብት ጥበቃ እንወጣለን። ትልልቆቹ ወንዶች ፀጉራቸውን ጉንፉራ አድርገው፣ ቅቤ ተቀብተው፣ በትራቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ከፊት ይሄዳሉ። እኛ ከኋላ እየተከተልን ስም እንማራለን። ሌንጫ አንበሳ ነው። ገደምሳ አጋዘን ነው። ጉቺ ሰጎን፣ ናቻ አዞ፣ ጀልዴሳ ዝንጀሮ። ማታ ስንመለስ አኮ ይፈትኑናል። የተሳሳተ ሰው ወተት የሚጠጣው መጨረሻ ላይ ነው።

ስም የነበረው እንስሳው ብቻ አልነበረም። እያንዳንዱ ጉድባ፣ ብቻውን የቆመ ግራር፣ ዝናብ የሚያቁር ዓለት ሁሉ ስም ነበረው። ስሙም ሥራ ነበረው። በየትኛው ወር የቱ ጋ ሣር እንደሚገኝ፣ የትኛው መሻገሪያ ላይ አዞ እንደሚያደባ ስሙ ይናገራል። ወንዙን ተከትላችሁ ብትወርዱ እስከ ዛሬ መልካ ቁንጡሬ፣ መልካ ሰዲ፣ መልካ ወረር እያላችሁ ነው የምትሄዱት። መልካ በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ነው። ሰውና ከብት፣ አውሬም ጭምር፣ አዋሽን የት የት እንደሚሻገሩ በስም ተመዝግቦ ቆይቶልናል ማለት ነው። መዝገቡ ግን ወረቀት ላይ አልነበረም።

አሁን ወደ ፓርኩ ልምጣ።

አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ በ1958 ዓ.ም. ተቋቋመ። በ1961 ዓ.ም. በሕግ ታወጀ። እሱና የሰሜን ተራሮች ፓርክ በነጋሪት ጋዜጣ ለመታወጅ የመጀመሪያዎቹ ናቸው፤ ለብዙ ዓመታትም ከሁለቱ ሌላ በሕግ የታወጀ ፓርክ አልነበረንም። ስፋቱ 756 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ነው። በዚያ ዘመን ይህን ማሰብ ትልቅ ነገር ነበር። ያ ባይደረግ ኖሮ እኔና ልጆቼ ያየናቸው ሦስት ሳላዎችም ባልኖሩ ነበር። ይህን የሚክድ ሰው አዋሽን አያውቅም።

ነገር ግን መሬቱ ባዶ አልነበረም። ከረዩዎች ዓመቱን የሚከፍሉት በሰፈራቸው ነው። የክረምቱ ሰፈር «ኦና ገና» ይባላል፣ የበጋው «ኦና ቦና»። በዝናብ ጊዜ ከወንዙ ርቀው ይሰማራሉ። በጋው ሲከር ወደ አዋሽ ዳር ይወርዳሉ። ዳሩ ላይ ሣርም ጥላም አለ። ከዚያ ምን ሆነ? ቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ተጠናቀቀና የወንዙ ሙላት ተገራ። የሆላንዱ የስኳር ኩባንያ ኤች ቪ ኤ ከወንጂ ቀጥሎ መተሐራ ላይ ሸንኮራ አገዳ ተከለ። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ፓርኩ ታጠረ። አንዱ ዳር አገዳ ሆነ፣ ሌላው ዳር ፓርክ ሆነ። የከረዩ በጋ የሚወጣበት ቦታ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ሁለት ጊዜ ተወሰደ። ከሰሜን አፋር፣ ከምሥራቅ ሌላው የኦሮሞ ጎሣ ኢቱ፣ እነሱም በራሳቸው ድርቅና በራሳቸው የእርሻ ልማት ተገፍተው እዚያው ጠባብ ሣር ላይ ተገናኙ። በመካከላቸው ያለው የተኩስ ታሪክ ከዚህ ይጀምራል።

ዛሬ ወንበሩ ላይ ያላችሁትን በዚያ ዘመን ለተደረገው ልወቅሳችሁ አልፈልግም። ጥበቃ ማለት ሰውን ማስወጣት ነው የሚለው አስተሳሰብ የዓለም አስተሳሰብ ነበር።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ደግሞ በፓርኩ ውስጥ ከብት በዝቷል። ሣሩን ጨርሶታል። ግራሩ ተቆርጦ ከሰል ሆኖ በጆንያ መንገድ ዳር ተደርድሯል፤ አዲስ አበባ ያለነው እኛ ነን የምንገዛው። ጠመንጃ የያዘ ሰው በየጥሻው አለ። በአገራችን ፓርኮች በሥራ ላይ ሕይወታቸውን ያጡ ስካውቶች፣ ማለትም የፓርክ ጠባቂዎች፣ አሉ፤ ልጆቻቸው አባት የላቸውም። አርብቶ አደሩ ጥፋት የለበትም ብዬ ልጽፍላችሁ አልችልም። አኮ በሕይወት ቢኖሩ ራሳቸው ይቆጡኛል። በእሳቸው ዘመን ያለ ሽማግሌዎች ፈቃድ እርጥብ ዛፍ የቆረጠ ሰው ይጠየቅ ነበር።

የምለው ይህ ነው። መሬቱ ከሁሉም አቅጣጫ ጠቧል። የመተሐራውን በሰቃ ሐይቅ ተመልከቱ። በ1950ዎቹ ሦስት ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ዛሬ ከአርባ በላይ ሆኗል። ውሃው ጨዋማ ነው፣ ለከብት አይሆንም። ባቡር ሐዲዱም አስፋልቱም በአፈር ከፍ ተደርገው ነው ያመለጡት። ከፓርኩ በስተሰሜን ደግሞ ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ የሚባለው እሾሃማ ዛፍ የአዋሽን ሸለቆ እየዋጠው ነው። በረሃ እንዲያለማ ብለን ራሳችን ያመጣነው ዛፍ ነው። ከሥሩ ሣር አያበቅልም። ይህን ሁሉ ደምሩትና ጠዋት ሁለት መቶ ከብት ይዞ የቆመ አንድ ሰው አስቡ። ወዴት ይሂድ? የቀረው ሣር ያለው ፓርኩ ውስጥ ነው።

ይህን ደብዳቤ ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንም በግልባጭ እልካለሁ። ምክንያቴን ላስረዳ።

በአገራችን የተፈጥሮው ለእናንተ፣ የባህሉ ለእነሱ ተብሎ ተከፍሏል። አዋሽ ላይ ይህ ክፍፍል አይሠራም። ስለ ዓባይ «ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» እንላለን። አዋሽ ግን ማደሪያ አለው። 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ፣ ባሕር ሳያይ፣ በረሃው ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። ያጠበውንም የተሸከመውንም ይዞ እዚሁ ነው የሚተኛው። ምናልባት ለዚህ ይሆናል ሸለቆው የሰውን ልጅ ታሪክ እንዲህ ደራርቦ ያስቀመጠልን። ከፓርኩ በላይ በኩል መልካ ቁንጡሬና ባልጩት የሚወጣባት ባልጪት አሉ፤ በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ከፓርኩ በታች በኩል ድንቅነሽ በ1967 ዓ.ም. የተገኘችበት ሐዳር አለ፤ የታችኛው አዋሽ ሸለቆ በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ 40 ዓመት አልፎታል። ፓርኩ መሃል ላይ ነው። የሰው ዘር በዚህ ወንዝ ዳር ከአውሬ ጋር መኖር ከጀመረ ከ3 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኖታል። አጥሩ 60 ዓመት ሊሞላው ነው።

ስለ ዝንጀሮዎቹም ልንገራችሁ፤ እናንተ ታውቁታላችሁ፣ ሌላው አንባቢ ግን ይስማው። በአዋሽ ፏፏቴ አካባቢ ሁለት ዓይነት ዝንጀሮ ይገናኛል። አንደኛው ከበረሃው በኩል የሚመጣው ሐማድራያስ ነው፤ ወንዱ ሙሉ ካባ የለበሰ ይመስላል፣ ሚስቶቹንም ከአጠገቡ አያርቅም። ሌላው የወንዝ ዳሩ የወይራ መልክ ያለው ዝንጀሮ ነው፤ እሱ ዘንድ ሴቶቹ የፈለጉበት ይሄዳሉ። ሁለቱ እዚህ ሸለቆ ውስጥ ይጋባሉ፣ ልጆቻቸውም ይወልዳሉ። የዓለም ተመራማሪዎች ከ1960ዎቹ ጀምሮ እየመጡ ሲያጠኑት የኖሩት ይህን ነው። አኮ ግን ተመራማሪ ሳያገኙ «እነዚያ የተቀላቀሉት» ይሏቸው ነበር። በመልክም በጠባይም ይለዩአቸዋል። እኔ መጀመሪያ የሰማሁት ከእሳቸው ነው፤ መጽሐፍ ላይ ያገኘሁት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው።

እንዲህ ያለው እውቀት የባህል ቅርስ ነው ወይስ የተፈጥሮ? የትኛው መሥሪያ ቤት ይመዝግበው? ማንም ስላልተጠየቀ ማንም አልመዘገበውም። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 91 የተፈጥሮ ሀብትንና ታሪካዊ ቅርሶችን የመጠበቅ ግዴታን አንድ ላይ አድርጎ ነው በመንግሥትና በዜጋ ላይ የጣለው። በአንቀጽ 40 ደግሞ አርብቶ አደር ከመሬቱ እንዳይፈናቀል ይላል። ሁለቱን አንቀጾች አስታርቆ የሚያሳይ ቦታ በዚህ አገር ካለ አዋሽ ነው፤ ወይም መሆን ይችላል።

የምጠይቃችሁ መጀመሪያ ስሞቹ እንዲሰበሰቡ ነው።

ቀላል ሥራ ነው። ብዙ ገንዘብ አይፈልግም። ከከረዩ፣ ከኢቱና ከአፋር ሽማግሌዎችና እናቶች ጋር ፓርኩን በእግር መዞር ነው። እናቶቹ እንዳይቀሩ አደራ፤ የእንጨቱንና የቅጠሉን ስም፣ የትኛው ለሆድ የትኛው ለዕቃ ማጠኛ እንደሚሆን የሚያውቁት እነሱ ናቸው። እያንዳንዱ ኮረብታ፣ ምንጭ፣ መልካና ዛፍ በሚጠሩት ስም ይመዝገብ። ድምፃቸው ይቀረጽ። ከዚያ ስሞቹ ካርታ ላይ ይግቡ። የመንገድ ምልክቶቹ ላይ በኦሮምኛ፣ በአፋርኛና በአማርኛ ይጻፉ። ዋናው መሥሪያ ቤት አጠገብ ያለችው ትንሽ ሙዚየም ውስጥ የአንበሳው አጥንት አጠገብ በኦሮምኛ «ሌንጫ» ተብሎ፣ በአፋርኛ «ሉባክ» ተብሎ ይጻፍ። የከረዩ ልጅ ወደ ፓርኩ ሲገባ የአያቱን ቃል ግድግዳ ላይ ያንብብ። ልጁ ነገ ስካውት ሊሆን ይችላል። ፓርኩን የራሱ ቤት አድርጎ የሚያይበት ሌላ አጭር መንገድ አላውቅም።

ስሙ ከተሰበሰበ ሌላው ነገር አብሮት ይመጣል። የቦታ ስም ጠይቃችሁ ሽማግሌ ስሙን ብቻ ነግሯችሁ ዝም አይልም። «እዚህ ጋ በድሮ ጊዜ ሳላ ይወልድ ነበር» ይላችኋል። «ይህ ምንጭ ከደረቀ ስንት ዓመቱ ነው» ይላችኋል። የአንድ አካባቢ የ70 ዓመት ለውጥ በአንድ ቀን ትሰማላችሁ። ለእንስሳት ቆጠራችሁም ይጠቅማል። የሜዳ ፍየሉ የት እንደሄደ፣ የሜዳ አህያው ለምን ወደ አላይደጌ ሜዳ እንደተወሰነ የሚነግራችሁ ሰው ገና አለ።

ሌላው ዳጉ ነው። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ዝም ብለው አይተላለፉም። ቁጭ ይላሉ። ከየት እንደመጣ፣ ምን እንዳየ፣ ሣሩ እንዴት እንደሆነ፣ ማን እንግዳ እንዳለፈ አንዱ ለሌላው በዝርዝር ይነግራል። የሰማውንና በዓይኑ ያየውን ለይቶ ነው የሚናገረው። በዳጉ መዋሸት ነውር ነው። ወሬው ከስልክ ቀድሞ ይደርሳል። እሳት ፈንታሌ ተራራ ላይ ሲነሳ፣ አዳኝ ወደ ፍል ውሃ በኩል ሲገባ፣ የከሰል ጫኝ መኪና ሌሊት ጥሻ ውስጥ ሲቆም ዳጉ ያውቃል። እናንተ ግን ከዳጉ ውጪ ናችሁ። ስካውቶቻችሁ ከዳጉ እንዲገቡ የየጎሣው ሽማግሌዎች ቢጠየቁ እሺ የሚሉ ይመስለኛል። የሚጠየቀው ግን በአክብሮት ነው። መረጃ ሲቀበሉም መስጠት አለ። የሰበሰቡትን የዝናብና የሣር መረጃ ስካውቶቹም መልሰው ይናገሩ። ዳጉ የሚቆመው እንዲህ ነው።

ከዚያ የበጋው ጉዳይ አለ። ይህ ከባዱ ነው፤ አውቃለሁ። አሁን ያለው አሠራር በየዓመቱ ተመሳሳይ ነው። ድርቁ ሲጠና ከብት ይገባል። ስካውት ያስወጣል። ማታ ተመልሶ ይገባል። አንዳንድ ጊዜ ሰው ይሞታል። ሁሉም ያውቀዋል፣ ማንም አልፈረመበትም። ፈርሙበት። ከአባ ገዳዎቹና ከአፋር ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጣችሁ የትኛው መልካ፣ በየትኛው ወር፣ ለስንት ከብት እንደሚከፈት፣ የትኛው ሜዳ ደግሞ ለሳላ ብቻ እንደሚተው ተስማሙ። የከረዩ ገዳ በየስምንት ዓመቱ ሥልጣን የሚያስረክብ፣ ሕግ የሚያወጣና ጥፋተኛ የሚቀጣ ሥርዓት ነው። የኦሮሞን ገዳ ዩኔስኮ በ2009 ዓ.ም. መዝግቦታል። መዝገብ ላይ ያከበርነውን ሥርዓት መሬት ላይ ሥራ እንስጠው። ኢላላ ሳላ ለሳላ ይቀመጥ ብሎ የገዳ ጉባኤ ከወሰነ፣ የሚያስከብረው ሰው ቁጥር ከስካውቶቻችሁ ይበዛል።

ይህ ብቻውን ሁሉን አይፈታም። መሬቱ ጠባብ ነው፣ ከብቱ ብዙ ነው። ከስኳሩ እርሻ ተረፈ አገዳ ለከብት መኖ የሚሰጥበት መንገድ፣ ፕሮሶፒሱ ተነቅሎ ለከሰል የሚውልበት መንገድ ከእናንተ ሥልጣን ውጪ ያሉ ሰዎችን ይጠይቃል። እናንተ ግን ጠረጴዛውን መጥራት ትችላላችሁ።

ስለ መንገዱ አጭር ልበል። የአገሪቱ ገቢና ወጪ ዕቃ በአብዛኛው በጅቡቲ በኩል ነው፣ አብዛኛው ከባድ መኪናም ፓርኩን ሰንጥቆ ያልፋል። አንድ ሌሊት የተሳፈርኩበት አውቶቡስ ሳላ ገጭቷል። ሾፌሩ አልቆመም። ተሳፋሪውም ዝም አለ፤ እኔም ዝም አልኩ። ይህ 15 ዓመት ሆኖታል፣ ድምፁን አልረሳሁትም። ፓርኩ የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ቦታ ላይ ፍጥነት መቀነሻ፣ ሌሊት የሚያበራ ምልክት፣ እንስሳት በሚሻገሩበት ቦታ የፍጥነት ገደብ ይደረግ። ምልክቱ ላይም «ኢላላ ሳላ፦ ሳላ የሚታይበት» ተብሎ ቢጻፍ ሾፌሩ ዓይኑን ወደ ሜዳው ይልካል።

የመጨረሻው ነገር አስቸኳይ የሚያደርገው ነው።

በ2017 ዓ.ም. መስከረም ፈንታሌ ተራራ አካባቢ መሬቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። በታኅሣሥና በጥር ባሰ። አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ሆነን እኛም ተሰምቶናል። እዚያ ግን መሬት ተሰነጠቀ፣ ቤት ፈረሰ፣ ዶፈን ተራራ ላይ እንፋሎት ወጣ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተነስተው ወደ መጠለያ ሄዱ። ፈንታሌ 2,007 ሜትር ከፍታ ያለው፣ ከ200 ዓመት ገደማ በፊት እሳተ ገሞራ ያፈሰሰ ተራራ ነው። በሰቃ ዳር ያለው ጥቁር ድንጋይ የዚያ ቅሪት ነው። መንገደኛ ሁሉ በመስኮት ያየዋል።

ያን ጊዜ ስልክ ደውዬ የአኮን የልጅ ልጅ አገኘሁት። አብረን ከብት የጠበቅነውን። ከብቱን ይዞ ሸሽቷል። እናቱ መጠለያ ውስጥ ናቸው። «የቦታውን ስም ታስታውሳለህ? ያቺን ቀይ ኮረብታ?» አልኩት። ዝም አለ። «እናቴ ታውቃለች፣ ግን አሁን ስለዚያ ቦታ መናገር አትፈልግም፤ ታለቅሳለች» አለኝ።

የተፈናቀለ ሽማግሌ በመጠለያ ውስጥ ሲሞት ስሞቹ አብረውት ይሄዳሉ። ልጆቹ የሚያድጉት ሌላ ቦታ ነው፤ ኮረብታዋን አያዩአትም፣ ስለዚህ አይጠይቁም። ለዚህ ነው በሚቀጥለው የበጀት ዓመት ሳይሆን ከመጪው ክረምት በፊት ጀምሩ የምለው። ፓርኩን በእግር ለመዞር ሦስት ሽማግሌ፣ ሁለት እናት፣ አንድ ስካውት፣ አንድ መቅረጫ ይበቃል። በአንድ ሳምንት ብዙ ይገኛል።

እኔ ደብተር ጀምሬያለሁ። እስካሁን 37 ስም ጽፌያለሁ። አንዳንዱን ከስልክ፣ አንዳንዱን ጥር ላይ ገበያ ካገኘኋቸው ሰዎች፣ አንዳንዱን ከራሴ ትዝታ። የአጻጻፍ ስህተት ይኖርበታል፤ የሚያውቅ ሰው ያርመው። ለፓርኩ ዋና መሥሪያ ቤት ይጠቅማል ካላችሁ ቀን ንገሩኝ፣ ራሴ ይዤው እመጣለሁ። በእግር መዞሩም ላይ ብትፈቅዱልኝ ውሃ ተሸክሜ ከኋላ እከተላለሁ፤ ድሮም የለመድኩት ነው።

የደብተሩን የመጀመሪያ መስመር ክፍት ትቼዋለሁ። «ከፏፏቴው ወደ ላይ ያለችው ቀይ ኮረብታ» ብዬ ጽፌ ከአጠገቡ ምንም አልሞላሁም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የመተሐራ ልጅ

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን